እጄ ምን ይሠራል? የሚዲ ኮንትሮለር የመምረጥ ማስታወሻ

ቀን 1

ነገሩ ወዲህ ነው። ኮምፒውተር ላይ ሙዚቃ መሥራት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፤ እስካሁን ግን ሁሉን ነገር የምሠራው በማውዝ ነው። ኮርዱን በማውዝ አንድ በአንድ እስላለሁ፣ ድራሙን በማውዝ እነጥባለሁ፣ ቤዙንም እንዲሁ። ማታ ላይ የእጄ አንጓ ይዝላል። እሱስ ይሁን፣ የከነከነኝ ሌላ ነው።

ትናንት አንድ የሃይ ሃት (የጸናጽል) ትራክ ሠራሁ። 16 ምት፣ የሁሉም ቬሎሲቲ (የአመታት ጉልበት) 100። ስሰማው ሰው የመታው አይመስልም። አንዳንዱን ዝቅ፣ አንዳንዱን ከፍ አደረግኩ፤ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ፤ አሁንም ሰው የመታው አይመስልም። ጠረጴዛውን በሁለት ጣቴ ብመታው በአራት ሰከንድ የሚወጣ ነገር ነበር።

ማውዝ ደግሞ አንድ ጣት ማለት ነው። ፊልተሩን (የድምፁን ብሩህነት የሚቆርጠውን) እየከፈትኩ በዚያው ቅጽበት ሪቨርቡን (ማስተጋባቱን) ልጨምር ብል አልችልም፤ አንዱን ጨርሼ ወደ ሌላው መሄድ አለብኝ፤ እስከዚያ ስሜቱ ያልፋል።

ስለዚህ ሚዲ ኮንትሮለር፣ ማለትም የኮምፒውተሩን ሙዚቃ በእጅ የምጫወትበትና የማዝበት መሣሪያ ልገዛ ነው። ዛሬ ለሦስት ሰዓት ያህል ሥዕል ሳገላብጥ ዋልኩና ጭራሽ ግራ ገባኝ። ሁሉም ያምራል፤ አንዱ 8 ፌደር (ድምፅ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ተንሸራታች) አለው፣ አንዱ 64 ፓድ (በጣት የሚመታ)፣ አንዱ 88 ቁልፍ። ሁሉም እንደሚያስፈልገኝ ሆኖ ተሰማኝ፤ ይሄ ደግሞ ጥሩ ምልክት አይደለም። ለሳምንት ምንም ላላይ ወሰንኩ። በምትኩ ወረቀትና እስክሪብቶ ከማውዙ አጠገብ አስቀምጬ፣ ስሠራ እጄ ምን እንደሚያደርግ ልቆጥር ነው።

ቀን 4

ሦስት ማታ ቆጠርኩ። ለእያንዳንዱ ድርጊት አንድ ጭረት።

ከሁሉም የበዛው ምን ይሁን? «መልስ»። የሠራሁትን ሰርዞ ወደ ኋላ መመለስ። ቀጥሎ ማጫወትና ማቆም። ከዚያ ኖት ማስገባት፤ በተለይ ኮርድና ቤዝ። ከዚያ የፊልተር መክፈቻውን ማዞር። ከዚያ ድራም። የትራኮችን ድምፅ ከፍና ዝቅ ማድረግ ከታች ነው፤ እሱም የመጣው በሦስተኛው ማታ፣ ሥራው ሊያልቅ ሲል ብቻ።

ይሄ አስደነገጠኝ፤ ምክንያቱም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ልቤ የሸፈተው በራሱ ሞተር ወደ ሚንቀሳቀስ ፌደር ነበር። ፕሮጀክት ስትከፍት ፌደሮቹ ራሳቸው ተነስተው ቦታቸውን ሲይዙ ማየት እንዴት ያምራል! ሚክስ ሙያው ለሆነ ሰው ሁነኛ መሣሪያ ነው። ወረቀቴ ግን ሌላ ይላል፤ እኔ የምውለው ኖት ስፈልግ እንጂ ድምፅ ሳመጣጥን አይደለም። ፌደሩን ከዝርዝሬ ሰረዝኩት። ትንሽ አመመኝ።

ቀን 5

አንድ ጓደኛዬ «ውድ የሆነው ኮንትሮለር ድምፁ ይሻላል አይደል?» አለኝ። ብዙ ሰው እንደዚህ ስለሚያስብ እዚህ ልጻፈው።

ኮንትሮለር በውስጡ ድምፅ የለውም። ድምፁ ያለው ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው። ኮንትሮለሩ የሚልከው ቁጥር ብቻ ነው፤ ቋንቋውም ሚዲ ይባላል። ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው፤ በዚያ ዓመት ከሁለት የተለያዩ ኩባንያዎች የመጡ ሲንተሳይዘሮች (ድምፅን በኤሌክትሮኒክስ የሚፈጥሩ መሣሪያዎች፣ በአጭሩ ሲንት) በአንድ ኬብል ተገናኝተው በሕዝብ ፊት ታዩ። አንዱን ቁልፍ ስትጫን «60 ቁጥር ኖት፣ በ87 ጉልበት» የሚል መልእክት ይሄዳል። ስትለቀው ሌላ መልእክት። ፔዳል ስትረግጥ 64 ቁጥር መቆጣጠሪያ በራ ይባላል። 1 ቁጥር የሞዱሌሽን ጎማ (ድምፁን የሚያወዛውዘው) ነው፣ 7 ቁጥር የድምፅ መጠን። ልኩ አብዛኛውን ጊዜ ከ0 እስከ 127 ነው። በአንድ መስመር 16 ቻናል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ታዲያ ልዩነቱ ምን ላይ ነው? እጅ ላይ። ያ 87 የሚለው ቁጥር እኔ ካሰብኩት ጉልበት ጋር ይገጥማል ወይስ አይገጥምም? ከዚህ በኋላ የምፈትነው ሁሉ በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ነው።

ቀን 8

ባለ 25 ቁልፍ ትንሽ ኮንትሮለር ተውሼ መጣሁ። ቁልፎቹም ከመደበኛው ጠበብ ያሉ ናቸው። ጭን ላይ ይቀመጣል፣ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፣ ዩኤስቢ ሰክተህ ወዲያው ትጀምራለህ። የመጀመሪያውን ሰዓት ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ በግራ እጄ ኮርድ ይዤ በቀኝ ዜማ ልሞክር ስል ቦታ አለቀ። 25 ቁልፍ ሁለት ኦክታቭ ነው (አንዱ ኦክታቭ 12 ቁልፍ)። ግራ እጄ አንዱን ይዞታል፣ ለቀኙ የሚተርፈው አንድ ኦክታቭ ብቻ ነው፤ ዜማዬ ከዚያ በላይ ሲወጣ የኦክታቭ በተኑን መጫን አለብኝ። እሱን ስጫን ደግሞ ግራ እጄም አብሮ ይዘላል። ቤዝ ብቻ ወይም ዜማ ብቻ ለሚጫወት ሰው ይበቃል፤ ሁለት እጅ ለሚጠቀም ግን አይሆንም።

ማታ ጠረጴዛዬን ለካሁ። መደበኛ ነጭ ቁልፍ ወርዱ ወደ 23.5 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ባለ 49 ቁልፍ 29 ነጭ ስላለው፣ ቁልፉ ብቻ 68 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይወስዳል። ባለ 61 ወደ 85። ባለ 88 ደግሞ 122። በዚህ ላይ በግራ በኩል የሞዱሌሽንና የፒች ቤንድ (ኖቱን የሚያጎብጠው) ጎማዎች ከተቀመጡ ሌላ 10 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ጨምር። ጋዜጣ በልኩ ቆርጬ ጠረጴዛው ላይ ለጠፍኩና ፊቱ ተቀመጥኩ። 88ን የሚያክለው ጋዜጣ ማውዜን ከጠረጴዛው አባረረው። 61ን የሚያክለው ሊገባ ይችላል፤ ግን ማውዙን ለመያዝ ክንዴን መዘርጋት አለብኝ፣ ትከሻዬ ደግሞ ይህን አይወደውም። 49 ልክ ሆነ። ማንም ኮንትሮለር ከመምረጡ በፊት ይህን የጋዜጣ ነገር ይሞክረው እላለሁ፤ ፎቶ ላይ ሁሉም ትንሽ ይመስላል።

ቀን 11

ዛሬ ስለ ቁልፉ ክብደት ነው። ሦስት ዓይነት አለ። አንደኛው በስፕሪንግ ብቻ የሚመለስ ቀላል ቁልፍ ነው። ሁለተኛው ከስፕሪንጉ ሌላ ትንሽ ክብደት የተጨመረበት። ሦስተኛው እንደ ፒያኖ መዶሻ ያለው፣ ከባዱ። ሦስቱንም በአንድ ቀን ነካኋቸው።

አንዱን በርቶ ሳለ ጎንበስ ብዬ በጎን እያየሁ ቁልፉን ቀስ አድርጌ ለመጫን ሞከርኩ። በጣም ቀስ ካልክ እስከ ታች ብትወርድም ድምፅ አይመጣም ወይም ጭል ጭል ይላል። ለምን መሰለህ? ከአብዛኞቹ ቁልፎች ሥር ሁለት መነካኪያ ነጥብ አለ። ቁልፉ ሲወርድ መጀመሪያ አንደኛውን ይነካል፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን። መሣሪያው የሚለካው በሁለቱ መካከል ያለፈውን ጊዜ ነው። ቶሎ ከወረደ ቁጥሩ ይበዛል፣ ከዘገየ ያንሳል። ጉልበት የምንለው ነገር በእርግጥ ፍጥነት ነው፤ ቬሎሲቲ የተባለውም ለዚህ ነው።

ከዚያ ወዲህ ፈተናዬ አንድ ሆነ። የሚመጣውን የሚዲ ቁጥር የሚያሳይ ነፃ ፕሮግራም እከፍታለሁ። አንድ ኖት 20 ጊዜ፣ በተቻለኝ መጠን እኩል አድርጌ እመታለሁ። ከዚያ ከሹክሹክታ ጀምሬ እስከ ጩኸት። ቀላሉ ስፕሪንግ ላይ መሀለኛው ጠፋብኝ፤ ወይ 40 ይመጣል ወይ 110፤ 70 ላይ መቆም አቃተኝ። ከባዱ ላይ ሁሉም ቦታ ይገኛል፤ ግን ፈጣን የሲንት ዜማና ኦርጋን ስጫወት ጣቴ ይደክማል። መካከለኛው ላይ 55፣ 62፣ 70፣ 81 እያልኩ እንደ ደረጃ ወጣሁ። እዚያው ወደድኩት።

ለነገሩ ብዙዎቹ የቬሎሲቲ ከርቭ (የጣት ፍጥነት ወደ ቁጥር የሚቀየርበት መንገድ) ማስተካከያ አላቸው። ቁልፉ ከበደኝ ብለህ ከመመለስህ በፊት እሱን ንካው፤ «ሶፍት» ስታደርገው በትንሽ ጉልበት ትልቅ ቁጥር ይመጣል። መካከሉ የጠፋበትን ቁልፍ ግን ከርቭ ሙሉ በሙሉ አያድነውም።

ቀን 13

ፓድ! ስጠብቀው የነበረው ቀን።

አራት በአራት የተደረደሩ 16 የላስቲክ ፓዶች ያሉት ቅርጽ የታወቀው በ1988 እ.ኤ.አ. በወጣው አካይ ኤምፒሲ 60 ነው፤ ዲዛይኑ የሮጀር ሊን ነው። ይኸው እስካሁን አልተለወጠም፤ ምክንያቱም የሁለት እጅ ጣቶች እዚያ ላይ ሲያርፉ በቀላሉ ይደርሳሉ። ሌላው ስምንት በስምንት፣ 64 ያለው ነው። እሱ ለክሊፕ (ለተዘጋጀ አጭር ቁራጭ ሙዚቃ) ማስነሻና ኖትን እንደ መረብ ዘርግቶ ለመጫወት ጥሩ ነው፤ ፓዶቹ ግን ትናንሽ ናቸው፣ አንዳንዶቹ ጭራሽ ጉልበት አይለኩም፤ በቀስታም ንካው በኃይል አንድ ዓይነት ቁጥር ነው የሚልኩት። ለድራም የሚፈልግ ሰው ይህን አስቀድሞ ያጣራ።

አንድ ሁለተኛ እጅ መሣሪያ ለሦስት ቀን ተሰጥቶኝ ነበር። ኪኩን (ወፍራሙን ከበሮ) ጥሩ አድርጌ እመታለሁ፣ ቀርጸን ስንሰማው ግን አንዳንዱ ምት «ዱድም» ይላል። ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። የሚዲውን ቁጥር ስከፍት 5 ቁጥር ፓድ አንዴ ስመታው ሁለት ኖት ይልካል፤ አንዱ 98፣ ወዲያው ተከትሎ 14። ፓዱ ሲነጥር ራሱን በራሱ ይመታል ማለት ነው። ስሬሾልድ የሚባለውን ማስተካከያ (ምት ተብሎ የሚቆጠረውን ትንሹን ጉልበት) ከፍ አደረግኩ፤ ያች 14 ጠፋች፣ ግን በቀስታ የምመታቸው የስኔር ምቶች አብረው ጠፉ። 11 ቁጥር ፓድ ደግሞ ምንም ብትነካው 127 ነው። ያገለገለ ስትገዛ 16ቱንም ፓድ አንድ በአንድ ፈትን፤ አንዱ ሠራ ማለት ሁሉም ሠራ ማለት አይደለም።

መለስኩና አዲስ ያለው ሰው ቤት ሄጄ ሞከርኩ። ያችን የመጀመሪያ ቀን ሃይ ሃት በሁለት ጣት መታኋት። የተቀረጸውን ቁጥር ገልብጬ ያዝኩት፦ 92፣ 61፣ 88፣ 54፣ 95፣ 58፣ 84፣ 63። ሳላስበው አንዱ ጣቴ ከሌላው ደካማ ስለሆነ ጠንካራና ለስላሳ እየተፈራረቀ መጣ። ይህን በማውዝ ለመሳል ግማሽ ሰዓት ስታገል ነበር። አንድም ቁጥር አልነካሁም፤ እንዳለ ተውኩት።

ቀን 16

ኖብ፣ የሚዞረው መቆጣጠሪያ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚናደድበት ነገር አለ።

መጀመሪያና መጨረሻ ያለው ተራ ኖብ ስታዞር፣ የሚልከው የቆመበትን ቦታ ነው። እንበል ሶፍትዌሩ ውስጥ ፊልተርህ 100 ላይ ነው፣ እጅህ ላይ ያለው ኖብ ግን 20 ላይ ቆሟል። ትንሽ ስትነካው 21 ይላል፤ ፊልተሩ ከ100 ወደ 21 ዱብ! በሠራኸው ነገር መሀል ድምፁ ይታፈናል። ትራክ በቀየርክ ቁጥር ይኸው ነው። መፍትሔው ብዙ ዳው (የሙዚቃ መሥሪያ ሶፍትዌር) ውስጥ አለ፤ ኖቡ ትክክለኛው ቦታ ላይ እስኪደርስ ሶፍትዌሩ እንዲጠብቀው ማድረግ ይቻላል፣ ፒክአፕ ይሉታል። ይሠራል። ግን ፊልተሩን ለመንካት በቸኮልክበት ሰዓት ኖቡን ባዶውን ማዞር ያሰለቻል።

ሌላው ማለቂያ የሌለው ኢንኮደር ነው፤ ዙሪያውን ብታዞረው አይቆምም። በትክክል ሲስተካከል የሚልከው «አንድ ጨምር» ወይም «አንድ ቀንስ» የሚል ብቻ ነው፣ ቦታውን የሚያውቀው ሶፍትዌሩ ነው። መዝለል የሚባል ነገር የለም። ለእኔ ይሄ ወሳኝ ሆነ።

ሌላም ነገር አገኘሁ፤ ደስ ስላለኝ ላስረዳው። ፊልተር ከ20 ኸርዝ እስከ 20,000 ኸርዝ ይሄዳል እንበል። ይሄ 10 ኦክታቭ ያህል ነው፤ ማለትም ወደ 120 ሰሚቶን (ከአንድ ቁልፍ ወደሚቀጥለው ያለው ርቀት)። ተራው ሚዲ ኖብ ያለው 128 ደረጃ ነው። ስለዚህ ኖቡን አንዲት እርምጃ ስታዞር ፊልተሩ አንድ ሰሚቶን ያህል ይዘላል! ሪዞናንሱ (የሚቆርጥበትን ቦታ የሚያጎላው) ከፍ ያለ ፊልተር በቀስታ ስትከፍት «ቂ ቂ ቂ» እያለ ደረጃ ሲወጣ የሚሰማው ለዚህ ነው። ብዙ ሲንቶች በውስጣቸው ያለሰልሱታል፤ ሁሉም ግን አይደሉም። የፒች ቤንድ ጎማ ለምን እንደዚህ አይልም? እሱ 16,384 ደረጃ ስለተሰጠው ነው። በኢንኮደር ደግሞ አንዷ እርምጃ ምን ያህል እንድትሆን ሶፍትዌሩ ሊያሳንሳት ይችላል። ለረጅምና ቀስ ላለ የፊልተር መክፈት ሌላ ነገር አልፈልግም።

ቀን 18

ለሙከራ የያዝኩት ፓድ ይዘገያል ብዬ ተማረርኩ። መትቼ ድምፁ ከእጄ ኋላ ይመጣል። ልመልሰው ሁሉ አስቤ ነበር።

ጥፋቱ የፓዱ አልነበረም። ትናንት ሚክስ ሳደርግ ኮምፒውተሩ እንዳይንተፋተፍ ብዬ የኦዲዮውን በፈር (ድምፁ ከመሰማቱ በፊት የሚጠራቀመውን የሳምፕል ብዛት) 1024 ላይ አድርጌው ረስቼዋለሁ። በሰከንድ 44,100 ሳምፕል ይህ 23 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ ጣት በደንብ ይሰማዋል። ወደ 128 ሳወርደው 3 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ሆነ። አሁንም ትንሽ ይጎትታል። ማስተር (የሁሉም ትራክ መውጫ) ላይ የተቀመጠውን ሊሚተር፣ ድምፅ ከልክ እንዳያልፍ የሚገድበውን፣ ሳጠፋው ልክ መጣ፤ ሊሚተሩ ወደ ፊት የሚመጣውን ድምፅ ቀድሞ ለማየት ሁሉንም ያዘገያል። ሚዲው ራሱ ምን ያህል ይወስዳል ብዬ አሰላሁ፤ በድሮው ባለ አምስት እግር ኬብል እንኳን የአንድ ኖት መልእክት ወደ 1 ሚሊ ሰከንድ ነው የሚፈጀው። ስለዚህ መዘግየት ሲኖር መጀመሪያ በፈሩን፣ ቀጥሎ ማስተር ላይ ያለውን ፕለግኢን (እንደ ሊሚተሩ ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም) እይ። መሣሪያውን በመጨረሻ ውቀስ።

ቀን 19

ፔዳል ሰካሁ። ሳልረግጠው ኖቱ ይያዛል፣ ስረግጠው ይለቃል። ተገልብጧል። ፔዳሎች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ሲረገጡ የሚያገናኙና ሲረገጡ የሚያቋርጡ። ብዙ ኪቦርዶች ሲበሩ የፔዳሉን ሁኔታ አይተው ይወስናሉ፤ እኔ ኪቦርዱ በርቶ ሳለ ነበር የሰካሁት። አጥፍቼ፣ ፔዳሉን ሰክቼ፣ እግሬን አንስቼ አበራሁት። ተስተካከለ።

ቀን 21

ስለ ኬብልና ኃይል በአጭሩ። ሁለት ኮንትሮለርና ኦዲዮ ኢንተርፌስ (ድምፅ ወደ ኮምፒውተሩ የሚያስገባና የሚያስወጣ) በአንድ ትንሽ ዩኤስቢ ማከፋፈያ ላይ ሰካሁ። የፓዶቹ መብራት ደበዘዘ፣ ከዚያ ኪቦርዱ በየመሀሉ እየጠፋ ይመለስ ጀመር። ዩኤስቢ 2 ከአንድ ቀዳዳ 500 ሚሊ አምፒር ነው የሚሰጠው፤ ማከፋፈያው ይህንኑ ነው ለሦስት የሚያካፍለው። ኢንተርፌሱን በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ፣ ሁለቱን ኮንትሮለሮች የራሱ ኃይል ባለው ማከፋፈያ ላይ አደረግኩ። ከዚያ ወዲህ አልጠፋም።

አንድ ያማረኝ የቆየ መሣሪያ ደግሞ ከዝርዝር ወጣ፤ የራሱን ድራይቨር (ኮምፒውተሩ እንዲያውቀው የሚያደርግ ፕሮግራም) ይፈልጋል፣ ድራይቨሩ ደግሞ እኔ ለምጠቀምበት ሲስተም አልተሠራም። ያለ ድራይቨር የሚሠራ መሆኑን ማጣራት የመጀመሪያው ጥያቄ መሆን አለበት፤ እኔ የጠየቅኩት መጨረሻ ላይ ነው።

ቀን 24

ወሰንኩ። ባለ 49 ቁልፍ፣ መካከለኛ ክብደት፣ 8 ማለቂያ የሌላቸው ኢንኮደሮች ያሉት። ፓድ ለብቻው፣ ባለ 16።

ሁሉን በአንድ የያዘ ለምን አልወሰድኩም? ሞክሬው ነበር። ፓዶቹ ከቁልፎቹ በላይ ነው ያሉት፤ ድራም ስመታ ክንዴ ቁልፎቹ ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚቆየው፣ አልፎ አልፎም ይነካቸውና ያላሰብኩት ኖት ይገባል። ፓዱ ለብቻው ሲሆን ደረቴ ፊት አስቀምጬ እመታለሁ፣ ስጨርስ ገፋ አደርገዋለሁ።

ኪቦርዱ አፍተርተች አለው፤ ቁልፉን ከያዝክ በኋላ ጠበቅ ስታደርገው ሌላ መልእክት የሚልክበት። የእኔ ለሁሉም ኖት አንድ ላይ ነው የሚልከው። ለየኖቱ ለብቻ የሚልኩም አሉ፤ ኤምፒኢ የሚባለውና በ2018 እ.ኤ.አ. በይፋ የጸደቀው አሠራር ደግሞ እያንዳንዱ ጣት ለብቻው ኖቱን እንዲያጎብጥና እንዲያለሰልስ ያደርጋል። ነክቼዋለሁ፤ እውነት ለመናገር ልብ ይሰርቃል። ግን እጅ እንደ አዲስ መማር አለበት፤ እኔ አሁን መጨረስ የምፈልገው ሥራ አለኝ።

ቀን 28

አራት ማታ ሙሉ ምደባ ላይ ነበርኩ። ሕጌ አንድ ነው፦ አንድ ኢንኮደር በሁሉም ፕሮጀክት አንድ ሥራ። 1 ፊልተር፣ 2 ሪዞናንስ፣ 3 አታክ (የድምፁ አነሳስ)፣ 4 ሪሊዝ (ቁልፉ ሲለቀቅ አጠፋፉ)፣ 5 ወደ ሪቨርብ የሚሄደው፣ 6 ወደ ዲሌይ (ድምፁን እየደጋገመ ወደሚያሰማው) የሚሄደው፣ 7 ዲስቶርሽን (ድምፁን የሚያሻክረው)። የትኛውም ሲንት ቢከፈት 1 ፊልተር ነው። ትንሽ ፕላስተር ቆርጬ በላያቸው ለጠፍኩና ጻፍኩበት፤ ሁለተኛው ማታ ላይ ማየት አቁሜ ነበር።

ያ ከሁሉም የበዛው «መልስ» የሚለውስ? ለእሱ አንድ የማልጠቀምበት በተን መደብኩ፤ ከግራ እጄ አውራ ጣት በቅርብ ያለውን። ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን ከሁሉም ምደባ የጠቀመኝ እሱ ነው። ሲበላሽ እጄን ከቁልፎቹ ሳላነሳ እመልሳለሁ፣ እንደገና እጫወታለሁ።

8ኛው ኢንኮደር ባዶ ነው። ምን እንደሚሆን እስኪታወቀኝ አልነካውም።

ቀን 31

ዛሬ ማታ የመጀመሪያውን ሙሉ ነገር ቀረጽኩ። ድራሙን በፓድ ሁለት ጊዜ ደግሜ መታሁት፣ ሁለተኛውን ያዝኩ። ቤዙ በግራ እጅ፣ በአንድ ጊዜ። መጨረሻው አራት ባር ላይ ኮርዱን በፔዳል ይዤ ሁለት እጄን ወደ ኢንኮደሮቹ አመጣሁ፤ በግራ 1ን ቀስ እያልኩ ዘጋሁ፣ በቀኝ 5ን ከፈትኩ። ድምፁ እየጨለመ እየራቀ ሄደ። ሦስተኛው ባር ላይ ግራ እጄ ትንሽ ፈጠን ብሏል፤ ይሰማል። ላስተካክለው የአውቶሜሽኑን (የተቀረጸውን የኢንኮደር እንቅስቃሴ) መስመር ከፍቼ ማውዙን ያዝኩ። ሰማሁት፣ ደግሜ ሰማሁት፣ ዘጋሁት። እንዳለ ይቀመጣል።

ነገ የፓዱን ከርቭ አንድ ደረጃ አለሰልሳለሁ፤ የቀኝ ቀለበት ጣቴ ምቶች ከ40 በታች እየገቡ ነው።